«ልጅ የለኝም» ያለችው እናት

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ የካን ቁልቁል በሚያይበት ዳገት ላይ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሰብሪያ ከልጇ ከያሲርና ከሚስቱ ከሳጂዳ ጋር ትኖር ነበር። ያሲርን ያለ አባት፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት ሸጣ ነው ያሳደገችው። እሱም አድጎ የኮተቤ ታክሲ ሾፌር ሆነ፤ አገባ፤ እናትም «እፎይ» አለች። እፎይታዋ ግን ስንት ቀን ቆየ? አንድ ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ልትነሳ ስትል ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት... ሳጂዳ ከነእርግዝናዋ አጠበቻት፣ አገላበጠቻት፤ ስትወልድ ግን ሕፃኑንም አማቷንም ማንሳት አቃታት። ያሲር የአረጋውያን ማዕከል በር አንኳኳ። «የምንቀበለው ዘመድ የሌለውን ብቻ ነው» አሉት።

በገዛ ታክሲው ጭኖ ሲወስዳት በመስታወቱ እያያት፣ «እማ፣ ልጅ አለሽ ወይ ቢሉሽ የለኝም በይ። እስክንቋቋም ነው» አላት።

«እሺ። አንተንስ ማነው ልበል?»

ያሲር ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መንገዱ መለሰ። ማዕከሉ ደርሰው መዝጋቢዋ ስትጠይቅ ራሷ ሰብሪያ መለሰችለት። «ልጅ የለኝም። ይኼ ልጅ መንገድ ላይ ወድቄ አግኝቶኝ ነው፤ አላህ ይስጠው።» ወረቀቱ ላይ «ዘመድ የላትም» ተብሎ ተጻፈ፤ ያሲርም ከሥሩ ፈረመ። እናቱን ከነሕይወቷ በፊርማ ቀበራት!

ከዚያ በኋላ በየወሩ እንደ በጎ አድራጊ ሙዝ ይዞ እየመጣ፣ አሮጊቶቹን ሁሉ «እማማ» እያለ ያድል ጀመር። አጠገቧ የምትተኛው ጂቱ ቀልደኛ ነበረች።

«ሰብሪያ፣ ይኼ የሙዝ ልጅ ካንቺ አልጋ አይነሳም። እኔ ምን ጎደለኝ? ደግሞ አፍንጫው ቁርጥ ያንቺን።»

«አርጅተሻል ጂቱ፣ ዓይንሽን ታከሚ።»

እንዲህ ብላ ስትስቅ ውስጧ ምን ይል ነበር? ምግቡ ደህና ነው፣ አንሶላውም ንጹሕ። ግን ሌሎቹ የሞቱባቸውን ልጆች በስም እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ እሷ በሕይወት ያለውን መጥራት አትችልም...

በኢድ ማግስት ያሲር ሙዙን ይዞ ሲመጣ እጁን ለቀም አደረገች። «ሰው ፊት አንዴ እማ በለኝ። ከዚያ ያባርሩኝ።»

ያሲር በሩ ላይ የቆሙትን የማዕከሉን ኃላፊ አየ። «ይሻልዎታል፣ እማማ» ብሎ ሙዙን ትራስጌዋ አኖረ።

ከዚያች ቀን በኋላ ሰብሪያ ማንንም አላናገረችም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ኢማሙ ዙሪያቸውን ቃኙ። «የሟች ልጅ ወይም ወንድም ካለ ይውረድ፤ ተቀብሎ ያስተኛት።»

እንደ በጎ አድራጊ ከቀባሪዎቹ መሐል የቆመው ያሲር አፉን ከፈተ... የፈረመባት ወረቀት፣ የኃላፊው ዓይን፣ የሰው ወሬ፣ ሁሉም ታወሱትና መልሶ ገጠመው።

«ማንም የላትም» አሉ ኃላፊው።

ከማዕከሉ የመጡ ሳልህ የሚባሉ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ለያሲር አስይዘው እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። የእናቱን ሥጋ ባዕድ ሲቀበል፣ እሱ ምርኩዝ ይዞ ቆመ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እንዳንተ ያለ ልጅ ቢኖራት እኮ እኛ ጋ ባልመጣች።»

አንባቢ ሆይ፣ ማንን እንርገም? ድህነት እናቱን ከቤት አስወጣበት እንበል፤ አፉንስ ማን ዘጋው? ያሲር ዛሬም የኮተቤን መንገድ ይመላለሳል። ከኋላ ወንበሮቹ ላይ አሮጊት ተሳፋሪ እንዳያይ ግን መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዙሮታል።