የመጻጉዕ ዕለት ጉርሻ

ዘርአ ዳዊት ከባሕር ማዶ ተመለሰ የሚለው ወሬ አንኮበር የደረሰው ከራሱ ከዘርአ ዳዊት ቀድሞ ነው። ደመቀች ከምንጭ ስትመለስ ሰማችና እንስራዋን እንዳዘለች ዳገቱ መካከል ቆመች። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አንዱ «ቆላ በላው»፣ ሌላው «ባሕር ዋጠው» ሲላት ኖሯል። እሷ ግን ለማንም መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ዘርአ ዳዊት የአባቷ የየኔታ ኃይለ ገብርኤል ተማሪ ነው፤ ዲያቆን ነው። የኔታ «ልጄን በቁርባን እሰጥሃለሁ» ብለውት ቀኑ ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው አንድ ነገር መጣ። ጎረቤላ አጠገብ ባቲስታ የሚባል ጣልያናዊ አናጢ ነበር። ዘርአ ዳዊት አማርኛ ሲያስተምረው፣ እሱም የራሱን ቋንቋ ሲያስተምር፣ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆኑ። በ1875 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ባቲስታ ንዳድ ይዞት አልጋ ላይ ወደቀና «እናቴ ቤት ልሙት» አለ። ዘርአ ዳዊት እስከ ባሕሩ ሸኝቼው ልምጣ ብሎ ወጣ። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን የታመመ ወዳጁን ለመርከበኞች ጥሎ መመለስ አልሆነለትም።

ሲወጣ ደመቀች በእጇ ከፈተለችው ጥጥ አንድ ክር ሰጥታው ነበር። ክሩ ላይ አምሳ አምስት ቋጠሮ ቋጥራበታለች።

«ምናልባት ሁዳዴ ፈረንጆቹ ዘንድ ቢይዝህ፣ አባባ የሚገባበትን ቀን ነግሮሃል። ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ አንድ ፍታ። ሲያልቅ ፋሲካ ነው፤ ፈረንጆቹ የፈለጉትን ይበሉ።»

«ባዶውን ክር ይዤልሽ እመጣለሁ» አላት። እሱ ክሩን አየ፣ እሷ እግሯን አየች፤ በሽተኛውን የጫነችው በቅሎ ግን ትዕግሥት አልነበራትምና ተንቀሳቀሰች።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ከሰላ ድንጋይ ሽማግሌዎች ለሌላ ዲያቆን ደመቀችን ጠይቀው፣ የኔታም «እስከ ጥር ታገሡ፤ ያ ልጅ በደኅና ካልተመለሰ እንነጋገራለን» ብለው መልሰዋቸዋል። በደኅና ማለት በሕይወት ማለት ብቻ እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የፈረንጅ እርድ የበላ ዲያቆን ቁርባን አይቀርብም፤ ያልቆረበ ደግሞ የየኔታን ልጅ አያገባም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። የየኔታን ጉልበት ሳመ። ደመቀች ውኃ ልታስታጥበው ስትቀርብ ፈጠን ብሎ አንድ ነገር እጇ ላይ ጣለላት። ጓዳ ገብታ መዳፏን ከፈተች። ክሯ ነው።

ባዶ ግን አልነበረም። ቆጠረችው፤ ደግማ ቆጠረችው። ሠላሳ አምስት ቋጠሮ እንደታሰረ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ ጨዋታው ደርቷል።

«ሰማይ መሬት ላይ የተደፋ ነው የሚመስለው» ይላል ዘርአ ዳዊት ስለ ባሕሩ። «አሥራ ስምንት ቀን ሄደን ዳሩን አላየሁም። ያን ቀን ነው እግዚአብሔር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ እኔም ምን ያህል ትንሽ እንደሆንኩ ያወቅኩት።»

«በስመ አብ!» አሉ እናቷ ወይዘሮ በሰለች። «የሚበሉትስ? ምን ይበላሉ?»

«ሊጥ እንደ ክር እየሳቡ ያደርቁና ይቀቅሉታል። በትንሽ የብረት መንሽ እየጠቀለሉ ይጎርሱታል።»

«በመንሽ? እንደ ጭድ?»

«ከወይራ ፍሬ ደግሞ ዘይት ያወጣሉ። ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ ዳቦውን በሱ ነው የሚያወዙት። እንደ ማር ነው የሚጣፍጠው።»

ጎረቤታቸው አያ ወልደጻድቅ መቋሚያቸውን እያገላበጡ አዩት። መቋሚያው ወይራ ነው። «እንግዲያ እኛ እስካሁን ምሳችንን ተደግፈን ስናስቀድስ ኖረናል በለኛ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደመቀች ብቻ አልሳቀችም።

«የባቲስታ መንደር እንደ አንኮበር ተራራ ላይ ናት፤ ጉሙም ያው የኛ ጉም ነው» ሲል ቀጠለ። «እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር። በየቀኑ እዚያው ይቆሙ ነበር አሉ። በቃሬዛ ይዘነው ስንደርስ መጀመሪያ እሱን አልሳሙትም፤ መንገድ ላይ ተንበርክከው የኔን እግር ሳሙ። የኔታ፣ ባቲስታ ያስተማረኝ ቋንቋ ያን ሰዓት ጠፋኝ፤ አንድም ቃል አልተግባባንም። ግን የተናገሩት ሁሉ ገባኝ።»

ወይዘሮ በሰለች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጃቸው ሥጋ እንደማልነካ ነገራቸው። ለኔ ለብቻዬ ባቄላ፣ ምስር፣ የበቆሎ ገንፎ ይሠሩ ጀመር። እኔም የኛን ደንብ አሳየኋቸው፤ ባቲስታን በእጄ አጎረስኩት። አሮጊቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እንደሚባልም ነገርኳቸው።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዘርአ ዳዊት፣ ሁዳዴ እዚያ ነው የያዘህ። ጾሙን ጠበቅህ?»

ደመቀች ክሩን ጨበጠች። አዎ ቢል ማን ያውቅበታል? ባሕሩ አይናገር፣ አሮጊቷ አማርኛ አታውቅ። የሚያውቁት እሱና እሷ፣ ከላይም እግዚአብሔር ናቸው። አዎ በል፣ አዎ በል አለች በልቧ፤ እንደገና ደግሞ በራሷ አፈረች። ዘርአ ዳዊት ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየ።

«አልጠበቅሁም፣ የኔታ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለ አንድ ሰው።

«የነሱ ፋሲካ ለኛ መጻጉዕ ነበር። ሃያ ቀን ጾሜ፣ ሠላሳ አምስት ይቀረኛል። በሽተኛው በእግሩ ተነሥቶ ማዕድ ቀረበ። ዘመድ ሁሉ መጥቷል፣ ጠቦት ታርዷል። መዓዛው የኛን ጦስኝ ይመስላል። እኔ ባቄላዬን ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። እናቱ ተነሡና ያንን መንሻቸውን አስቀመጡ። እንዳስተማርኳቸው አድርገው በጣታቸው ሥጋ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። ልጄን አድነህልኛልና በአገርህ ደንብ ላክብርህ ማለታቸው ነው። ደንቡን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አፌን ከፈትኩ።»

«ከዚያስ?» አሉ የኔታ።

«ሁለተኛውን ጠቅልለው ሲያመጡ ያደረግሁት ታወቀኝና ተነሥቼ ወጣሁ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያም እስከ ትንሣኤ ጾምኩ፤ ክሩን ለመፍታት ግን እጄ አልታዘዘኝም።»

የኔታ ማንም ያልጠበቀውን ጠየቁ።

«ጣፈጠህ?»

ዘርአ ዳዊት አንገቱን ደፋ።

«አዎ፣ የኔታ። ጣፈጠኝ።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «አልጣመኝም ብትለኝ ኖሮ ከዚህ ቤት አስወጣህ ነበር» አሉ። «ቀኖና ግን ቀኖና ነው። የሚመጣውን ሁዳዴ ገዳም ገብተህ፣ ጥሬ እየቆረጠምክ፣ ውኃ እየጠጣህ ትጨርሳለህ። በጥር ሠርግ የለም።»

«የሰላ ድንጋዮቹስ?» አሉ ወይዘሮ በሰለች ቀስ ብለው። «ለጥር ቃል ሰጥተሃል እኮ።»

የኔታ ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። «የምትጠብቀው እሷ ናት። እስቲ እሷ ትናገር።»

ደመቀች ወጣች። ሽማግሌ በተቀመጠበት መናገር አልለመደችምና አልተናገረችም። አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ክሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና መቋጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰው ሁሉ ጣቷን ያያል። ሃያኛውን ስትቋጥር ክሩ እንደገና አምሳ አምስት ሆነ። ተነሥታ ለዘርአ ዳዊት ሰጠችው።

«ባዶውን አምጣ» አለችው።

የሰላ ድንጋይ ሽማግሌዎች ጥር ላይ መጥተው ጠላ ጠጥተው ተመለሱ። ሁዳዴ ገባ። ደመቀች በየማታው ወደ ገዳሙ አቅጣጫ ትመለከትና በልቧ አንድ ትፈታለች። ሰው ያለ ክር እንዲህ መታሰሩ ለራሷም ይገርማት ነበር።

የትንሣኤ ዕለት ጠዋት ዘርአ ዳዊት ከቅዳሴ ወጥቶ ደጃቸው ላይ ቆመ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። እጁን ዘረጋ፤ ክሩ ለስላሳና ባዶ ነበር።

የኔታ ማዕዱን ባረኩ። በጉ ቀርቧል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። «ደመቀች» አሉ፤ «አጉርሺው።»

ያልተሠረገች ልጅ በአባቷ ፊት! አያ ወልደጻድቅ መቋሚያቸውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። እሷ ግን ጣቷን ታጥባ ጠቀለለች፤ ዘርአ ዳዊትም ዓይኗን እያየ አፉን ከፈተ።

«አንድ ያጣላል» አለችው በሹክሹክታ። ሁለተኛውን አጎረሰችው። «ሁለት ያፋቅራል።»

ሰው እልል ሊል ሲነሣ ደመቀች እንደገና ወደ ማዕዱ እጇን ሰደደች። ከሁሉ ያማረውን መርጣ ጠቀለለችና አፉ ድረስ አመጣችው።

«ይቺ ደግሞ የኔ አይደለችም» አለችው። «የባቲስታ እናት ጉርሻ ናት። እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።»

ዘርአ ዳዊት እያለቀሰ ጎረሰ።