የኦሩክ እስትንፋስ

ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት በሰሜኑ ጫፍ፣ በሐመዳ መንግሥት፣ የበረዶው ሐይቅ በእሳት ተያያዘ። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ሰማያዊ ነበልባል ይተፋ ጀመር። ወዲያውም ከጥንት እንደ ዐለት ጠንክሮ የኖረው መሬት ቀልጦ ጭቃ ሆነና የምሥራቁን መንደር ከነነዋሪው ዋጠ።

ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም። የቀድሞው ንጉሥ ከምድር በታች የተኛውን የግዙፉን ኦሩክ አፍ ከፍቶ፣ ትኩስ እስትንፋሱን በሸክላ ቧንቧ ወደ ከተማው አስገብቶ ነበር። ቤቱ ሁሉ የሚሞቀው በዚያ ነው። አሁን ግን ያው ሙቀት መሬቱን ከሥር እያቀለጠው ነበር።

አዳኟ ሲራኤ በንግሥት ኤልሞራ ፊት ተንበረከከች።

«ግርማዊት ሆይ፣ አባትዎ ከኦሩክ አፍ ያነሡትን መዝጊያ፣ የውርጭ ዕንቁውን፣ ይስጡኝ። ቦታው ልመልሰው።»

«እሳቱ ሲጠፋ ስንቱ በብርድ እንደሚያልቅ አስበሻል?»

«አስቤአለሁ። መሬቱ ከከዳን ግን የሚተርፍ የለም።»

ንግሥቲቱ ዕንቁውን ከዘውዷ ነቀለች። ለሲራኤም ሰጠቻት። «በቦታው የሚጸናው፣ አንድ ሰው በባዶ እጁ ይዞ የገላውን ሙቀት ሁሉ ሲሰጠው ነው። ያ ሰው አይመለስም።»

«ሰማይና በረዶ ይስሙኝ! አፉ ሳይዘጋ ወደ ኋላ አልልም!» ብላ ማለች ሲራኤ።

ታላቅ ወንድሟ ቤርካን፣ ሸክላ ሠሪው፣ አብሯት ተነሣ። ለምን እንደሚከተላት አልተናገረም። ባለ ነጭ ቀንድ የጭነት እንስሶቻቸውን፣ ዋልመሮቹን፣ ጭነው ወጡ። በመንገድ ላይ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተከፈተ፤ እንስሶቹ እየጮኹ ሰመጡ። ወንድምና እህት በአንድ ገመድ ታስረው፣ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው እየተጎተቱ፣ የሚያገሳው የኦሩክ አፍ ዘንድ ደረሱ።

እዚያ ቤርካን መንገዷን ዘጋባት።

«እውነቱን ልንገርሽ። የመጣሁት ላስቆምሽ ነበር። ልጄ ገና ጨቅላ ናት፤ ያለዚህ እሳት እንዴት ታድራለች?»

«ጋሼ፣ መሬቱ እኮ ከአልጋዋ ሥር እየቀለጠ ነው!»

«አዎ። የእንስሶቹን ጩኸት ስሰማ ገባኝ።» እንባውን በጭቃማ እጁ ጠረገ። «አንቺ አድነሽ ታበያታለሽ፤ ቆዳም ታለብሻታለሽ። እኔ በዚያ ብርድ ምን አደርግላታለሁ?»

ድንገት ዕንቁውን ከእጇ ነጠቀና ገመዱን በጥሶ ወደ ነበልባሉ ሮጠ። ጮኻ ተከተለችው፤ አልደረሰችበትም። ውርጩ ከመዳፉ ተነሥቶ ክንዱን፣ ደረቱን፣ ፊቱን ሸፈነው። ነበልባሉ ጠፋ። ምድሪቱም እየተንቋቋች ጠነከረች።

ሲራኤ ስትመለስ ከተማው ጨልሟል። በአደባባዩ የቤተ መንግሥቱ በሮች ተፈልጠው ይነዱ ነበር፤ ንግሥቲቱ ራሷ እንጨት ታቀብላለች። አንድ ሽማግሌ ሲራኤን አይቶ እግሯ ሥር ተፋ።

የቤርካን ሚስት ናይሪት ሕፃኗን በጉያዋ ሸጉጣ በሩን ከፈተች። ከሲራኤ ትከሻ በስተኋላ ባዶውን መንገድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ግቢ» አለቻት ናይሪት በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ግቢና ዝጊው። ብርድ ይገባባታል።»