እጀታ የሌለው በር

አሮጊቷ የሞቱት አዲሱ ወጥ ቤታቸው ተሠርቶ ባለቀ ማግስት ነው። በርጩማ ከጎናቸው ተገልብጧል፤ ከላይ የተሰቀለው ካቢኔት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ የእንግዳ ሳህን ተሰባብሮ መሬት ላይ ተበትኗል። ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሳህን ሊያወርዱ ወጡ፣ ወደቁ፣ አበቃ።

መርማሪዋ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘች ሳትገባበት አትመለስም። ገና እንደገባች ዓይኗ የሟቿ ጉልበት ላይ አረፈ። ሁለቱም በፋሻ ተጠምጥመዋል።

«በርጩማ ላይ ይወጡ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«እንኳን በርጩማ፣ የበሩን ደፍ የምትሻገረው እኔን ተደግፋ ነው» አለች አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

ሐኪሙም አናታቸውን መርምሮ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ የመውደቅ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ጠርዝ ባለው ነገር ከላይ ተመትተዋል» አለ።

ከወጥ ቤቱ በር ሥር አናጢው የተረፈውን ቁርጥራጭ እንጨት ከምሮታል። ክምሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ አንዱ ቁራጭ ብቻ ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ የቤቱ በር ከውጭ በቁልፍ ተቆልፎ ነበር፤ የሟቿ ቁልፍ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ። ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልጅቷ፣ ታላቅ ወንድሟና አናጢው። ከመርፌ ጋር የመጣው ፖሊስ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ አናጢውን በካቴና አሰረው።

«እንጨቱ የእኔ፣ ቁልፉም አለኝ» አለ አናጢው። «ጠዋት የት ነበርክ ካላችሁኝ ተኝቼ ነበር። ምስክሬ ትራሴ ብቻ ነው።»

«ከእማማ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል» አለች መርፌ።

«በየቀኑ ነዋ። ይኼ ዝቅ ይበል፣ ያ ይጠጋ እያሉ ስንቱን አስፈርሰውኛል። ጣታቸው በሪህ ተቆልምሞ ምንም አይጨብጥላቸውም። እንደ እጃቸው አድርጌ ነው የሠራሁላቸው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መርፌ የተከፈተውን የካቢኔት በር ጠጋ ብላ አየችው። ጠርዙ ላይ አዲሱ ቫርኒሽ በስለት ጫፍ ተፍቆ ነጩ እንጨት ወጥቷል።

«ይህን ያውቁታል?»

አናጢው ጎንበስ ብሎ አየና ካቴናውን የረሳ መሰለ። «ትናንት ስወጣ እኮ እንከን አልነበረበትም። ማነው እንዲህ ያቆሰለው?»

ታላቅ ወንድምየው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ከረባቱን ያላላል።

«ሥራው ከተጀመረ ወዲህ እግሬ ይህን ቤት አልረገጠም። እህቴን ይጠይቋት።»

«ምነው?»

«ቤቱ ይሸጥ አልኩ፤ እማዬ እንቢ አለች። ይባስ ብላ ወጥ ቤት ማሳደስ ጀመረች። አኮረፍኩ። ኩርፊያ ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለች መርፌ። ጉሮሮዋ ደርቆ ስለነበር ውሃ ለመነች። ልጅቷ በአንድ እጇ የውሃ ጆግ፣ በሌላው ትሪ ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ተከተለቻት። ልጅቷ የታችኛውን ካቢኔት በክርኗ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው፤ በሩም ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ተከፈተ። መርፌ ያን ጊዜ ዙሪያውን ቃኘች። በዚያ ሁሉ ካቢኔት ላይ አንድም እጀታ የለም። ውሃውን ሳትጠጣ ሁሉም ወደ ወጥ ቤት እንዲመጡ አዘዘች፤ የአናጢውንም ካቴና አስፈታች።

«የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው» አለች። «በየተራ ከዚህ ካቢኔት ብርጭቆ አውጡልኝ።»

ልጅቷ በክርኗ ነካችው፤ ተከፈተ። መልሳ ዘጋችው። አናጢው በእጁ ጀርባ ጫን አለው፤ ተከፈተ። ሁለቱንም ወንድምየው እንዳያያቸው መርፌ ሆን ብላ ከፊቱ ቆማ ነበር። ተራው ሲደርስ እጁ በሩ ላይ እጀታ ፍለጋ ተንከራተተ። ጥፍሩን በስንጥቁ አስገብቶ ሳበ። እንቢ አለው። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ቢላዎች ሄደ።

«ላቀብልዎት?» አለች መርፌ።

እሱም እጁን አወረደ።

«እማማ በርጩማ ላይ አልወጡም፤ ጉልበታቸው አይችልም» ብላ ቀጠለች። «ወድቀው የሞቱ ለማስመሰል በርጩማውን የገለበጠ፣ ሳህን የሰበረ፣ ካቢኔቱን የከፈተ ሌላ ሰው ነው። የከፈተው ደግሞ በቢላ ፈልቅቆ ነው። እህትዎ በክርኗ ትከፍተዋለች። አናጢው ራሱ ሠርቶታል። እማማም በተቆለመመ ጣታቸው ይከፍቱት ነበር። ቁልፍ ካላቸው ሦስት ሰዎች ቢላ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። እግሬ አልረገጠም ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እውነት ነበር።»

ታላቅ ወንድምየው የተገለበጠውን በርጩማ አቁሞ ተቀመጠበት።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልለምናት ነው የመጣሁት። ቤቱን ለእህትህ አውርሼዋለሁ አለችኝ። እንጨቱ እዚያው በሩ ሥር ነበር።»

እህቱ ወደ እሱ ተጠጋች። «ጋሼ፣ እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

እሱ ወደ ተፋቀው ጠርዝ አየ።

«‹ኩርፊያህን ተውና ና፣ በሮቹ እንዴት እንደሚከፈቱ ላሳይህ› አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ካቢኔቱ ዞረች።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። አናጢው የተፋቀውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ቆየና እንደሚያስተካክለው ለልጅቷ ነገራት። እሷ ግን እንዲተወው ነግራው በሩን በክርኗ ገፍታ ዘጋችው።