አሥራ ስድስት ሚሊዮን ለዜሮ

«ጎ-ኦ-ል!»

ሜዳው ተናጋ። ቁንጫ የሚሏት ልጅ ግን ጎሉን አላየችውም፤ ዓይኗ የተተከለው እሷና መነጽር የሚሉት የክበብ ጓደኛዋ በሠሩት የውጤት ሰሌዳ ላይ ነበር። ዜሮው ጠፋና በቦታው 16777216 ብቅ አለ።

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ በረኛው ምን ነክቶት ነው?» አለ አንዱ።

የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን እንደነከሱ እየሮጡ መጡ። «እስከ ዕረፍት ካልተስተካከለ ጠመኔዬን አመጣለሁ! የኮምፒውተር ክበብ የምትሉትንም ክፍል የኳስ መጋዘን አደርገዋለሁ!»

«ቲቸር፣ ስንሞክረው ይሠራ ነበር!»

እውነቷን ነው። የሞከሩት ግን ዜሮ ለዜሮ ላይ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ቢገለብጡት ያው ዜሮ ነው።

ሁለቱም ላፕቶፑ ላይ ተደፉ። ላፕቶፑ እያንዳንዱን ቁጥር ባይት በሚባሉ አራት ቁርጥራጮች ከፍሎ የትንሹን ቦታ አስቀድሞ ይልካል፤ ሰሌዳው ደግሞ የትልቁን ቦታ አስቀድሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በሲ ቋንቋ በጻፉት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ባይቶቹን መገልበጥ ነበረበት፤ አለዚያ 1 ሲላክ 16777216 ሆኖ ይነበባል። ሥራው የመነጽር ነበር።

«የመላኪያውን ኮድ ነክተሻል እንዴ?» አላት።

«እኔ? ነክቼ ከሆነ እጄን ይቁረጠው!»

ነክታለች። «ይሄ ልጅ መርሳቱ አይቀርም» ብላ ትናንት ሹልክ ብላ ገልብጣዋለች። መነጽር ግን አልረሳም፤ በሰሌዳው በኩል ገልብጦታል። ካልሲ ሁለቴ ሲገለበጥ ምን ይሆናል? እንደነበረው!

መነጽር የራሱን ኮድ ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፣ እንደገና ፈተሸ። የዓይን መነጽሩ በላብ ደበዘዘ።

«ለእህቴ እንኳን አሳይቻት ነበር፤ እንዴት እንደኮራችብኝ!» አለ ቀስ ብሎ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። በቃ፣ የኔን ላጥፋው።»

ቢያጠፋው ሰሌዳው ይሠራል። ክፍሉም ይተርፋል። የእሷንም ነገር ማንም አያውቅም። ቁንጫ እጇን አየችው፤ እስካሁን አልተቆረጠም።

«ቆይ አንተ!»

ላፕቶፑን ነጠቀችው። የትናንቱን መስመር ከፈተችና ስክሪኑን ወደሱ አዞረችው። መነጽር አነበበ። ቀና ብሎ እሷን አየ፤ ከዚያ እጇን።

«ቁንጫ፣ እጅሽ...»

«አውቃለሁ» አለችው፣ ጣቷን መደምሰሻ ቁልፉ ላይ እያሳረፈች። «መጀመሪያ ግን ይቺን መስመር ላጥፋበት።»