የአቶ ወልደየስ ምድጃ

አቶ ወልደየስ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ፔለት የሚባል የተጨመቀ ሰጋቱራ ከሚያነዱበት ምድጃቸው አጠገብ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «ጭስ አፍኗቸዋል» አለ። ለቅሶው ሳይበርድ ይመር ተጠራ።

ይመር ድሮ አዲስ አበባ መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ዓይኑ ግን ሥራ አልለቀቀም። በክንድ ሙሉ በረዶ ሥር የጉንዳን ዱካ ለይቶ፣ ጉንዳኗ ለቁርስ የበላችውን ይናገራል እየተባለ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ይወራል።

«ልጄ ነው የገደለው!» አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ደረታቸውን እየደቁ። «አባቱ ፔለት ይረክሳል ሲል፣ በመብራት የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ ካልገባ ብሎ ስንቴ ጮኸ!»

ልጃቸው እንዳልክ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ጋሼ ይመር፣ የተጣላነው በሒሳብ ነው። ፔለት በከረጢት ሲያዩት ርካሽ ነው፤ ሸክሙና አመዱ ሲታሰብ ግን ፓምፑ ይሻላል አልኩ። አባዬ ደግሞ ‹ብርዱ ሲከፋ ያንተ ፓምፕ ከውጭ ምን ሙቀት ያመጣል? መብራት ሲበላ ይውላል እንጂ!› ይለኝ ነበር።»

«ማን አሸነፈ?»

«አባዬ። እሱን ማን ያሸንፋል።»

ምድጃውን የገጠመው ጎረቤታቸው ንዋይ ነው። «እኔ የገጠምኩት ምድጃ የሮኪን ተራራ ያቀልጣል!» አለ። «እሳቱ አየር እንዳያጥረው ብዬ ግድግዳውን በስቻለሁ።»

ይመር ከምድጃው ጀርባ ተንበረከከ። ቀዳዳው በነጠላ ቁራጭ ተወትፏል። ተነስቶ መስኮቶቹን፣ በሩን፣ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ፊቱ ጠቆረ።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። «ቀዳዳው የተደፈነው ከውስጥ ነው። እሳቱ አየር አጣ፤ ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ።»

«አላልኩም?» አሉ እናት።

«ቆይ እትዬ። የመስኮቱም ስንጥቅ፣ የበሩም ሥር፣ የቁልፉም ቀዳዳ በዚያው ነጠላ ተደፍኗል። ሰው ሊገድል ያሰበ የምድጃውን ይደፍንና ይሄዳል፤ ለቁልፍ ቀዳዳ ምን አደከመው? ይሄኛው ሰው የሚያሳድደው ንፋስ ነው። ጋሽ ወልደየስ በሳንባ ምች ተኝተው ከሆስፒታል ገና መውጣታቸው ነበር። ስለዚህ...»

ይመር ዓይኑን ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ፊት አሸሸ።

እንዳልክ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወተፍኩት!»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ቀስ ብለው እጁን ያዙ።

«አንተማ ሥራ ላይ ነበርክ፣ ልጄ። አባትህን ብርድ እንዳይመታብኝ ብዬ እኮ ነው...»