ቤት ለመድረስ ቤትን ማለፍ

«ቁሚ እንጂ! አለፍሽው እኮ!» አሉ ቶታ።

ካዌኒ አልቆመችም። አረንጓዴው የቤታቸው በር፣ በሩ ፊት የተጋደመው ሽማግሌ ውሻ፣ ቶታ ጠዋት ደረጃው ላይ ጥለውት የወጡት ነጠላ ጫማ ሳይቀር በመኪናው መስኮት እየታየ ወደ ኋላ ቀረ። ውሻው መኪናዋን አውቋት ጅራቱን ወዘወዘ። እሱም ለምዶታልና መልሶ ተኛ።

«ቶታ፣ በየሳምንቱ በዚህ እንጣላ?» አለች ካዌኒ መሪውን ጨብጣ። «ብቆም ምን እንደሚመጣ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላስወደደኝም።»

ቶታ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆኑት በሞሃውኮች ቋንቋ አያት ማለት ነው። የካዌኒን ሴት አያት ግን ሰፈሩ በሙሉ ቶታ ነው የሚላቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ለጉልበታቸው ሕክምና ካዌኒ በደቡቡ ድልድይ ታሻግራቸዋለች። ክሊኒኩ ያለው አሜሪካ ነው። ቤታቸው ደግሞ ወንዙ መካከል፣ ደሴቱ ላይ ነው፤ ደሴቱ ካናዳ ነው ይባላል። አክዌሳስኔ ለሚባለው የሞሃውኮች መንደር ሰው ይኼ ሁሉ አንድ ሰፈር ነው። ድንበሩ የመጣው እነሱ ቤት ሠርተው፣ በቆሎ ዘርተው፣ ልጅ ወልደው ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ችግሩ የካናዳው ኬላ ነው። ኬላው ደሴቱ ላይ የለም፤ ከሰሜኑ ድልድይ ማዶ፣ ከተማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከደቡብ የመጣ የደሴቱ ሰው የገዛ ቤቱን አይቶ ያልፋል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ «መጥቻለሁ» ብሎ ያስመዘግባል፣ ከዚያ ዞሮ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። አጎቷ ክላይድ ባለፈው ሐምሌ ሽንቱ ወጥሮት ለሁለት ደቂቃ ቤቱ በር ላይ ቢቆም፣ መኪናው ሦስት ሳምንት ታሰረች። እስከ ዛሬ ሰፈሩ «ውድ ሽንት» እያለ ይቀልድበታል።

ካዌኒ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል አለባት። ሰዓቱ ለሦስት አሥር ጉዳይ ነው፤ ከኬላው በፊት ያለው ሰልፍ ደግሞ እስከ ድልድዩ ወገብ ደርሷል።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ደብል መትታ ስላለፈች ከእኩዮቿ አንድ ዓመት ቀድማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ የምትማረውም ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። ይህን ለቤተሰቡ የነገረች ቀን አጎት ክላይድ ሳቁ አላቆም ብሎት ነበር። «ዓለም በጓሯችን ሲያልፍ በነፃ ስታዪው አድገሽ፣ አሁን በዲግሪ ልትማሪው?» አላት።

«ያንን መስመር ያሰመሩት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ነው፤» ብላ መለሰችለት። «እኔ ያ ክፍል ውስጥ መግባት ነው የምፈልገው።»

ክላይድ መሳቁን ተወ። ቶታ ደግሞ ያን ቀን የበቆሎውን ዳቦ ትልቁን ቁራሽ ለእሷ ቆረሱላት።

አሁን ግን ያ ክፍል በሩቁ ሊዘጋባት ነው። የድንበር ጥናት አስተማሪዋ ዶክተር ፎርቲየር አንድ የማይታጠፍ ሕግ አላቸው፤ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ተማሪ ከትምህርቱ ይሰረዛል። ያንን ትምህርት ያላለፈ ደግሞ በዚህ የትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመት አይገባም። ካዌኒ ሁለት ጊዜ አርፍዳለች።

ስልኳ ጮኸ። እያሽከረከረች ስለሆነ ቶታ አነሡትና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«ኮልቢ የሚባል ነው። ‹ፈርሜልሻለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እንደገባሽ አድርጌ። ዘና ብለሽ ነይ፣ አለቀ!› ይላል።» ስልኩን አስቀመጡ። «ማነው ስምሽን የሚፈርመው?»

«የክፍሌ ልጅ ነው። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ስለሚዞር፣ ለእኔ ብሎ ነው።» ካዌኒ ትከሻዋ ሲለቃት ተሰማት። ኮልቢ እኮ ገላገላት! አሁን ቶታን ተረጋግታ ቤታቸው መልሳ፣ ሻያቸውን አፍልታ፣ በፈለገችው ሰዓት መግባት ትችላለች።

«እስከ ዛሬስ ስታረፍጂ ምን ትያቸው ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ ምክንያት የሚጻፍባት ቦታ አለች። ‹የመንገድ መጨናነቅ› ብዬ ጻፍኩ።»

ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እነሱም ተከተሉት።

«መጨናነቅ፤» አሉ ቶታ። «በገዛ ቤቴ በር ላይ በየሳምንቱ ሁለት ቀን እንደ ሌባ እየሸሸሁ አልፋለሁ። ልጄ ደግሞ መጨናነቅ ነው ትላለች።»

«ታዲያ ምን ልበል ቶታ? ማን ይገባዋል? ማብራራት እኮ ይደክማል! ከጀመርኩት ሁሉም ያፈጡብኛል፤ ‹አይ የእናንተ ነገር ከባድ ነው› ይሉና ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ።»

«ምን እየተማርሽ ነው ያልሽኝ?»

«ድንበር።»

«ጎሽ፤» አሉና ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

ካዌኒ ተናደደች። መጀመሪያ በቶታ፣ ቀጥሎ በፎርቲየር፣ ከዚያም ቀስ እያለ በራሷ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ውሸት ግን በሁለት ማርፈድ ውስጥ ከራሷ እጅ ወደ ኮልቢ እጅ ተሻግሮ፣ ጭራሽ እየከበደ መጥቷል።

ተራቸው ደረሰ። የኬላው ሠራተኛ አዲስ ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

«ከየት ነው የምትመጪው?»

«ከደቡብ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«ቤትሽ የት ነው?»

ካዌኒ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ፣ ወደ ድልድዩ ጠቆመች። ልጁ ወደ ጠቆመችበት አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ኮምፒውተሩን አየ።

«እናቴ፣ እርስዎስ ይዘው የገቡት ነገር አለ?»

«አንድ ጉልበት ይዤ ወጥቼ ነበር፤» አሉ ቶታ። «ያንኑ ይዤ ገብቻለሁ። አልታደሰም።»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሳለፋቸው።

ከኬላው ሲወጡ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ዞሮ ድልድዩ፣ ደሴቱ፣ ቤት። ቀጥታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው። ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ሆኗል። ካዌኒ የግራውን ፍሬቻ አብርታ ነበር፤ አጠፋችው።

«ቶታ፣ ጉልበትዎ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይችላል?»

«መደገፊያ ያለው ወንበር ካለ፣ እስከ ማታ።»

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱን ጠብቀው፣ በረጅሙ ኮሪደር የቶታን እርምጃ ተከትለው ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ነበር። ዶክተር ፎርቲየር ሰሌዳው ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ሥለው በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር አስምረዋል። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ኮልቢ ከኋላ ወንበር አውራ ጣቱን በድብቅ አሳያት።

«ካዌኒ?» ፎርቲየር ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ተመለከቱ። «እዚህ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ፈርመሻል። ወጥተሽ ነበር እንዴ?»

ለመትረፍ አንድ የራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃት ነበር። አንገቷን ዝቅ፣ ቀና፤ ከዚያ ሁለተኛ ዓመት፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ዲግሪ። ኮልቢ ከኋላ ሆኖ «አዎ በይ» በሚል ዓይን ያያታል።

«አልወጣሁም፤» አለች። «አሁን ነው የደረስኩት። ያ ፊርማ የእኔ አይደለም።»

ፎርቲየር ወረቀቱን እንደገና አዩት።

«የማነው ታዲያ?»

«የእኔ አይደለም አልኩ እኮ፤ እሱ ይበቃል። የእኔን አሁን እፈርማለሁ።»

«ሦስተኛሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። በፊት የጻፍኳቸው ሁለቱ ምክንያቶችም ውሸት ናቸው። እነሱንም አስተካክላለሁ።»

ዶክተር ፎርቲየር መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ግራ የገባቸው ነው የሚመስሉት። «ስሚኝ ካዌኒ፣ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ጉዳዩን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው፤ የምትጽፊውም አብሮ ይሄዳል። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም።»

«ይሂድ፤» አለች ካዌኒ። ዓይኗን አልሰበረችም። «እኔም ማንበባቸውን ነው የምፈልገው።»

ቶታ ይህ ሁሉ ሲሆን እያነከሱ እስከ ኋላ ሄደው፣ ኮልቢ አጠገብ መደገፊያ ያለው ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። ኮልቢ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ፈራሚው አንተ ነህ?» አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው።

«አ... አዎ እማማ።»

«ጥሩ ልጅ ነህ። ሁለተኛ እንዳትደግመው።»

ካዌኒ ወረቀቱን አንሥታ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኮልቢ የፈረመላትን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ የራሷን ፈረመች፤ የገባሁበት ሰዓት በሚለው ሥር ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ብላ ሞላች። የቀረችው ምክንያት የሚጻፍባት ቦታ ናት። እሷም ጠባብ ናት፤ «መጨናነቅ» ለሚል ሰው ብቻ ነው የምትበቃው።

«ዛሬ ጠዋት የቤታችንን በር፣ ውሻችንንና የአያቴን ጫማ እያየን አለፍን» ብላ ስትጽፍ ቦታው አለቀ።

ወረቀቱን ገለበጠችና በነጩ ጀርባ ላይ መጻፏን ቀጠለች።