የአምስት ሰዓት ወንበር

ክሩ አልበቃ አለ። ልጅቷ አንዱን ጫፍ ሉሉ ላይ የእነሱ ከተማ ባለበት ቦታ በአውራ ጣቷ ይዛ ሌላውን ወደ አክስቷ አገር ስትስበው ውቅያኖሱ መሐል ቀረ።

«ቀጥዪበታ!» አለ የጂኦግራፊ መምህሩ። «አንቺን ደግሞ ጎረቤት አገር አያረካሽም።»

ክፍሉ ሳቀ። ቀጠለችበት፣ ለካች፣ አሰላች። አስራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር። መምህሩ አውሮፕላን በሰዓት ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚበር ሰሌዳው ላይ ጽፏል። አካፈለችው። ከአስራ ሁለት ሰዓት በላይ መጣ። ደግማ አካፈለች፤ ያው ነው።

ለአያቷ «በረራው አምስት ሰዓት ነው» ያለቻቸው እሷ ናት። ትኬቱ መነሻው ጠዋት አራት ሰዓት፣ መድረሻው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ ቀንሳ ነገረቻቸው። እዚያ ገና ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት እንደሚሆን ጨርሶ ትዝ አላላትም።

አያቷን ወገባቸው ያሠቃያቸዋል። አክስቷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ «እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽልኝ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ!» እያለች በስልክ ስታለቅስ እንኳ እሺ አላሉም ነበር። ሻንጣቸውን ያስወረዱት «አምስት ሰዓትማ እችላለሁ» ብለው ነው። በረራው ከነገ ወዲያ ነው።

ቤት እንደደረሰች ለታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ነገረችው።

«ዝም በይ ባክሽ!» አለ። «አንዴ ከተሳፈሩ ምን ያመጣሉ? በመስኮት አይወርዱ!»

«ወገባቸውስ?»

«ከነገርሻቸው ይቀራሉ። ያኔ አክስቴን አንቺ ታርሻታለሽ፣ ፕሮፌሰር?»

ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ቀዳች፤ ሳትጠጣው አስቀምጣው ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። ከዓይኗ አልጠፋ ያላት ስድስተኛው ሰዓት ነው። አያቷ «ደረስን» ብለው ቦርሳቸውን አቅፈው ሲጠብቁ፣ በመስኮቱ የሚታየው ግን ውሃ ብቻ። ማንን ይጠይቃሉ? ቋንቋውን አያውቁ። ፈራችላቸው።

አያቷ ሳሎን ውስጥ ልምምድ ላይ ናቸው። ከጀርባቸው ትራስ አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የወንድሟን ቀበቶ ከነወንበሩ ወገባቸው ላይ አስረው ተቀምጠዋል። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ፕሮፌሰር፣ ነይ እዪኝ! አምስት ሰዓቴን ጨረስኩ። ወገቤም ያን ያህል አላስቸገረኝም። ደረስኩ በቃ!»

ቀበቶውን ሊፈቱ እጃቸውን ሰደዱ። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ተይ» በሚል ራሱን ነቀነቀባት። እሷ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ገና አልደረሱም» አለች። «ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት።»

አያቷ አዩዋት። ከዚያ መልሰው ሰዓቱን አዩ።

«ስንት ይቀረኛል?»

«ከሰባት በላይ።»

እጃቸውን ከቀበቶው ላይ አነሱ፤ አልፈቱትም።

«እንግዲያው ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ» አሉ።